የአጎቴ የቁልፍ ሳጥን፦ የጎደሉትን ጎጃም ውስጥ የት ልፈልግ?

ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

እንደምን ከረማችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜ ልኩን የጭነት መኪና ነጂ ነበር። የነዳው ኤንትሬ ነው። ከአዲስ አበባ ጭኖ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ደጀን፣ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ። "በረሃው መሀል ሲቆምብህ ጋራዥ የለ፣ ስልክ የለ፣ ያለህ እግዜርና የቁልፍ ሳጥንህ ነው" ይል ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር አክስቴ ጓዳዋን ስታጸዳ ያቺ የላሜራ ሳጥን ወጣች። ለቁራሌው ልትሰጣት በር ላይ አስቀምጣት ደረስኩ። አንድ ሰዓት ብዘገይ ኖሮ በኪሎ ተሽጣ ነበር። ተሸክሜያት ቤቴ ገባሁ።

ስከፍታት ዝገትና የደረቀ ግራሶ ነው። ቀስ እያልኩ ስጠርገው ግን ደስ የሚል ነገር ወጣ። አብዛኞቹ በሁለቱም ጫፍ አፍ ያላቸው የብሎን መፍቻ ቁልፎች ናቸው። በላቲን ፊደል "ጌዶሬ" ይላሉ፣ በጀርባቸው "ምዕራብ ጀርመን" ተብሎ ተመትቶባቸዋል። ልካቸው በሚሊሜትር ነው፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ቁጥር፤ 6/7፣ 8/9፣ 10/11፣ 14/15፣ 18/19 እና 20/22 አሉ። 12/13 እና 16/17 የሉም። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ እነዚህ ሁለቱ ብቻ ለምን እንደጠፉ አልገባኝም። ሁለት ፒንሳ፣ እጀታው እንጨት የሆነ ካቻቢቴ፣ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ አንድ እንግሊዝ ቁልፍ፣ አንድ ጥቁር የሩሲያ ቁልፍም አለ።

ደግሞ አንድ ወፍራም ቁልፍ አለች፣ እሷ ነች እንቅልፍ የነሳችኝ። በላቲን "3/8 ደብልዩ" ይላል። 3/8 ኢንች ማለት 9.5 ሚሊሜትር ነው አይደል? አፏን በካሊፐር ስለካው 18 ሚሊሜትር ሆነ። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ቤት ያለ ብሎን ሁሉ ሞክሬባታለሁ፣ አንድም በወጉ የምትይዘው የለም።

አሁን የምፈልገው ሳጥኑን እንደ ድሮው መሙላት ነው። ልሸጠው አይደለም፣ ልሠራበት ነው። አንድ ያረጀ ላንድሮቨር አለኝ፣ ቅዳሜና እሑድ እሱን ነው የምነካካው። የት ልፈልግ? ደህናውን ከማይረባው በምን ልለይ? ዝገቱንስ ሳላበላሸው እንዴት ላውጣው? አንድ ነገር ላክልበት። ከመካከላቸው 14/15ቱን ለአንድ ጋራዥ ለአንድ ቀን አውሼ ሲመልሱልኝ ሌላ ቁልፍ ነው የሰጡኝ፣ የራሴን ለማስመለስ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ቆልፌበታለሁ።


ባለ ሞርሳ፣ ባሕር ዳር

ልጄ ጮቄ፣ አጎትህን ነፍሱን ይማር። አላውቀው ይሆናል፣ በዚያ መንገድ ላይ ግን ሳንተላለፍ አልቀረንም። ከ40 ዓመት በላይ መኪና ሥር ተኝቻለሁ፣ አሁን ወገቤ እምቢ ብሎኝ ሞርሳዬ አጠገብ ተቀምጬ ነው የምሠራው።

እንቅልፍ የነሳችህን ላስቀድም። ያቺ ቁልፍ ዊትዎርዝ ነው የምትባለው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ አንድ ወጥ ልክ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ። ከእሱ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ ብሎኑን በራሱ ልክ ነበር የሚቆርጠው፣ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። አንተን ያደናገረህ ምን መሰለህ፣ ቁልፉ ላይ የተመታው ቁጥር የአፉን ስፋት አይናገርም። የሚናገረው የብሎኑን ግንድ ውፍረት ነው። ግንዱ 3/8 ኢንች የሆነ የዊትዎርዝ ብሎን ራሱ፣ ማለትም ቁልፉ የሚይዘው ጭንቅላቱ፣ 18 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በትክክል ለክተሃል። የ1/4ቱ አፍ 13.3 ሚሊሜትር ነው፣ የ5/16ቱ 15.2፣ የ1/2ቱ 23.4። አየህ፣ ከሚሊሜትሩ ጋር አይገጥሙም። የ13 ቁልፍ ለ1/4 ዊትዎርዝ አይገባም፣ የ14ቱ ደግሞ ገብቶ ይዋልላል። ስትታገለው የብሎኑን ጠርዝ በልቶ ያንከባልለዋል፣ ከዚያ በኋላ በመሮ ነው የምታወጣው። ቁልፏን ገልብጠህ እያት፣ በተመሳሳይ አፍ ላይ "7/16 ቢ.ኤስ." የሚል ልታገኝ ትችላለህ። ጥርሱ ደቀቅ ያለው የእንግሊዝ ብሎን ራሱ አንድ ቁጥር ዝቅ ስለሚል ያው አፍ ለሁለቱም ያገለግላል። የድሮ ላንድሮቨር ካለህ ደግሞ አትጣላት። በድሮዎቹ ላይ የእንግሊዝ ብሎንና የአሜሪካ ልክ ተቀላቅሎ ነው ያለው፣ አንዱ ብሎን በዚህ ይፈታል፣ አጠገቡ ያለው በሌላ።

የ12/13 እና የ16/17ቱ ነገር። እነሱ በምክንያት ነው የጠፉት። ኤንትሬ ጣሊያን ነው፣ ፊያት 682። በአውሮፓ መኪና ላይ 8 ሚሊሜትር ብሎን ራሱ 13 ነው፣ 10 ሚሊሜትሩ ደግሞ 17። መኪናው ላይ ከሚፈታው ሁሉ አብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ አጎትህ ሌሊት ባትሪ እያበራ ሲሠራ ከእጁ የማይለዩት እነሱ ነበሩ፣ ገደል የገቡትም፣ ሰው ተውሶ ያስቀራቸውም እነሱ ናቸው። ሳጥኑ የቶዮታና የኢሱዙ ሰው ቢሆን የሚጠፉት ሌሎች ነበሩ። ጃፓኖቹ ለ8 ሚሊሜትሩ ብሎን 12 ራስ፣ ለ10 ሚሊሜትሩ 14 ራስ ነው የሚሰጡት። እኔ አሮጌ የቁልፍ ሳጥን ሲመጣልኝ የማላውቀውን ባለቤት እንዲህ ነው የማነበው። የትኛው ጠፋ፣ የትኛው አፉ አለቀ፣ የትኛው እንደ አዲስ አለ። አንዴ የ24/27ቱ አፍ ብቻ ያለቀበት ሳጥን አየሁ፣ ቀሪው ያልተነካ። ሰውየው ትልልቅ ብሎን ሲፈታ የኖረ እንጂ ሞተር የከፈተ አይደለም።

ስለ ስሙ ከጠየቅህ፣ ጌዶሬ ጀርመን አገር ሬምሻይድ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1919 ዶቪዳት የሚባሉ ወንድማማቾች ያቋቋሙት ነው። ስሙም ከ"ወንድማማች"፣ ከስማቸውና ከከተማዋ የመጀመሪያ ፊደላት የተቀነጫጨበ ነው። እዚያችው ከተማ ሐዜትም አለ፣ 1868 የተጀመረ። ስሙ የመሥራቹ የሄርማን ዘርፈር ሁለት ፊደላት በጀርመንኛ ሲጠሩ ነው። ሽታልቪለ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፣ 1862። "ምዕራብ ጀርመን" የሚለው ማኅተም ዕድሜውን ይነግርሃል፣ ምዕራብና ምሥራቅ ተብላ የቆየችው ከ1949 እስከ 1990 ስለሆነ በዚያ መሀል የተሠራ ነው። ጣሊያኖቹ ቤታና ኡሳግ ናቸው፣ እነሱም ጎጃም ውስጥ አይጠፉም። እንግሊዝ ቁልፍ የምንለው ራሱ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ዮሐንሶን በሚባል ስዊድናዊ እጅ ነው፣ 1892 ላይ። ያንተው "ባህኮ" የሚል ካለበት የእሱ ዘር ነው።

ጥቁሩን የሩሲያ ቁልፍ እንዳትንቀው። እዚህ ባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው በሶቪየት ኅብረት ትብብር ነው፣ እኔም ቁልፍ መያዝ የተማርኩት እዚያ በመጣው ዕቃ ነው። ልካቸው ለየት ይላል፣ 13/14፣ 14/17፣ 17/19፣ 24/27 እያለ ይሄዳል። ለዚል፣ ለኡራል፣ ለቤላሩስ ትራክተር ነው። አንዳንዱ ላይ ዋጋው ራሱ ብረቱ ላይ ተመትቷል፣ ይህን ያህል ኮፔክ ተብሎ። አምስት ማዕዘን ያለው ምልክት ካየህበት ደግሞ የመንግሥት የጥራት ምልክታቸው ነው፣ ከ1967 ወዲህ የተሠራ ማለት ነው። መልኩ አያምርም፣ ጉልበቱ ግን ደህና ነው።

ስትገዛ ስሙን ቀድመህ አትይ። አፉን እይ። የ17ቱ አፍ ሲለካ ከ17 በጣም ጥቂት ነጥብ ቢያልፍ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ከሰፋ ተወው፣ የፈለገ ስም ይኑረው። ቀለበት አፍ የሆነውን ወደ ብርሃን አዙረህ ማዕዘኖቹን እይ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ በጣትህ አንጠልጥለህ በሌላ ብረት ነካ አድርገው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ይላል። በግራይንደር የተነካካና ብረቱ ሰማያዊ ያደረገ ካየህ አትግዛ፣ ጥንካሬው ሄዷል።


የቡሬዋ፣ ቡሬ

ወንድም ዓለም ጮቄ፣ ጋሼ ባለ ሞርሳ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የት እንደሚገኝ ልንገርህ፣ ሥራዬ ስለሆነ። እኔና ባለቤቴ አሮጌ ብረት እንገዛለን። ቁራሌዎቹ ከየቀበሌው ለቅመው ወደ እኛ ነው የሚያመጡት።

ሰው ሁሉ የድሮ ቁልፍ ሲፈልግ መጀመሪያ ጋራዥ ይሄዳል። ጋራዥ ያለው ቁልፍ ሥራ ላይ ያለ ነው፣ ወይ አይሸጡልህም ወይ አልቋል። ወፍጮ ቤት ሂድ። እውነቴን ነው የምልህ። መብራት ያልገባ ጊዜ በየከተማውና በየገጠሩ ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ነበር። ከሁሉም የማይረሳው ሊስተር ነው፣ እንግሊዝ አገር ደርስሊ በምትባል ከተማ ይሠራ የነበረው፣ ያ በግራና በቀኝ ትልልቅ ቮላኖ፣ የሚሽከረከር ከባድ የብረት ጎማ፣ ያለው፣ ቱግ ቱግ እያለ ከሩቅ የሚሰማው። ብሎኖቹ የእንግሊዝ ናቸው። ስለዚህ የሊስተር ወፍጮ የነበረው ቤት ሁሉ ልክ እንዳንተ ዓይነት ደብልዩ የተጻፈባቸው ቁልፎች ነበሩት። አሁን ወፍጮው በመብራት ሆኗል፣ ሞተሩ ከጓሮ ቆርቆሮ ለብሶ ተቀምጧል፣ ቁልፎቹ ከግርግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ባለ ወፍጮውን እህል አስፈጭተህ፣ ቡና ጠጥተህ፣ ቀስ ብለህ ጠይቀው። ዘለህ "የምትሸጠው ቁልፍ አለህ?" ካልከው የለኝም ይልሃል።

ሌላው ነጂዎች የሚያድሩባቸው ከተሞች ናቸው። ደጀን ትልቅ ነው፣ በረሃውን ሊወርድ ያለ ፍሬኑን የሚያይበት፣ የወጣውም ሞተሩን የሚያሳርፍበት። ደንበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም አሉ። እዚያ ጎሚስታዎቹን ጠይቅ፣ ብዙ ነገር ያስቀምጣሉ። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ደግሞ አሮጌ ብረት መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ አሉ፣ በጠዋት መድረስ ነው፣ ረፋድ ላይ ደህና ደህናው ተለቅሟል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ሂድ፣ ለቁልፍ ብለህ ነፍስህን አታስይዝ።

የቀጥቃጮቹን ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። ቀጥቃጭ የሚፈልገው ባሌስትራ፣ የመኪና ሞላ ብረት ነው፣ ለማረሻና ለማጭድ። ባሌስትራ ሲያጣ ግን ወፍራም ቁልፍም ይወስዳል። እሳት ውስጥ ሲገባ ቀልቶ እንደ ሊጥ ነው የሚሆነው። አንድ ቀን ከአንድ ቀጥቃጭ ቤት በራፍ ላይ ስድስት የጀርመን ቁልፍ አየሁ፣ ለእሳት የተዘጋጁ። ሰውየው ምን እንደሆኑ ያውቃል፣ ግን ማረሻ የሚጠብቅ ገበሬ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። በባሌስትራ ቀየርኩት። ባለቤቴ ከሠረሽ አለኝ፣ እኔ ግን እስከዛሬ ደስ ይለኛል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብረት ሲመጣልን በኪሎ ከመጫኑ በፊት ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፌ በእጄ ሳላይ አላሳልፍም።

ሁለት ነገር አደራ። ጎረምሳ ቁልፍ ይዞ መጥቶ "የአባቴ ነው" ካለህ "አባትህን ጥራው" በለው። እኔ እንደዚያ ነው የምለው፣ አብዛኛው አይመለስም። የንብረት ቁጥር የተመታበት ወይ በቀለም የተጻፈበት ካየህ አትንካው፣ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሊሆን ይችላል፣ ያለ ደረሰኝ የመንግሥት ንብረት ይዞ መገኘት ጣጣ ነው። ሁለተኛው፣ ባሏ የሞተባት ሴት የባሏን ሳጥን ስትሸጥልህ የኪሎ ዋጋ አትስጣት። ምን እንደያዘች አታውቅም። አንተ ታውቃለህ። እያንዳንዱን አውጥተህ ይህ ይህን ያህል፣ ያ ያን ያህል ብለህ ቁጠርላት።


ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ጋሼ ባለ ሞርሳንም እህቴ የቡሬዋንም አከብራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኔ ጀማሪ መካኒክ ነኝ፣ ጋራዥ ተቀጥሬ ነው የምሠራው። አዲስ ሙሉ የቡሶላ፣ ብሎኑ ላይ እንደ ኩባያ የሚደፋው ቁልፍ፣ ሳጥን በአንድ ጊዜ ተገዝቶ ይገባል፣ የድሮውን አንድ በአንድ ስለቅም ግን ዓመት ይፈጅብኛል። የድሮው ቁልፍ ደግሞ ከባድ ነው፣ አንዳንዱ ጠባብ ቦታ አይገባም። የዛሬ መኪና ሁሉ ጃፓን ነው፣ ሥራው 10፣ 12፣ 14 ላይ ነው። ለሥራ ከሆነ አዲሱ አይሻልም ወይ?


ባለ ሞርሳ፣ ባሕር ዳር

ጥሩ ጠየቅህ ልጄ። ግማሹ እውነት ነው። ቡሶላ ከሆነ አዲስ ግዛ፣ ደህናውን መርጠህ። ቡሶላ ግርግዳው ቀጭን ስለሆነ ያረጀው ሳታየው ይሰነጠቃል፣ እጀታውም፣ ያ ጥርሱ ቀጭ ቀጭ የሚለው፣ ውስጡ ካለቀ ጉልበት ስትሰጠው ይስታል፣ ጣትህን ብረት ላይ ትመታለህ። አፍ ክፍት የሆነውን ቁልፍ ግን ከድሮው ያዝ። ርካሹ አዲስ ቁልፍ ላይ "ክሮም ቫናዲየም" ተብሎ ይጻፋል፣ ጽሑፍ ማንም ይጽፋል። እልኸኛ ብሎን ላይ ስትጭነው አፉ ይከፈታል፣ እንደ አበባ። ያ ሲሆን የሚጎዳው ቁልፉ አይደለም፣ የደንበኛህ ብሎን ነው። ለመጀመሪያ ሁሉን አትልቀም። ለጃፓን መኪና 10/12 እና 14/17 ድሮ የተሠሩ ሁለት ደህና ቁልፎች ካገኘህ ግማሽ ቀንህን ትሠራለህ። ሌላው በጊዜው ይመጣል።

የክብደቱ ነገር ደግሞ ሁሉም የድሮ ቁልፍ ወፍራም አይደለም። የጀርመኖቹን በእጅህ ይዘህ ከርካሹ አዲስ ጋር አወዳድረው፣ ቀጠን ብለው ነው የምታገኛቸው። ብረቱ ጠንካራ ከሆነ መወፈር አያስፈልገውም።


ዳሞት፣ ፍኖተ ሰላም

ስለ ዝገቱ ማንም አልመለሰም፣ እኔ ልመልስ። ቴክኒክና ሙያ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማሠራው ነው።

ጮቄ፣ መጀመሪያ ከማንኛውም ነገር በፊት ነጭ ጋዝ ወይ ናፍጣ ውስጥ አሳድረው። የደረቀው ግራሶ ይለቃል። ከዚያ በብሩሽ እጠበው። ብዙ ጊዜ ዝገት የመሰለህ ቆሻሻ ብቻ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ሥራው እዚያው ያልቃል።

እውነተኛ ዝገት ካለው ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ አቼቶ ነው። የላስቲክ ዕቃ ውስጥ አቼቶ ሞልተህ ቁልፉን ትነክራለህ፣ በየጥቂት ሰዓቱ እያወጣህ ትቦርሻለህ። አንድ ቀን በቂ ነው። ረስተኸው ሳምንት ቢቆይ ብረቱን ራሱን ይበላል፣ የተመታውን ጽሑፍ ያደበዝዘዋል። ሲወጣ ሶዳ በበጠበጥህበት ውሃ እጠበው፣ ወዲያው አድርቀው፣ ወዲያው ዘይት ቀባው፤ ካልቀባኸው ዓይንህ እያየ ቢጫ ይሆናል። ኒኬል ወይ ክሮም የተለበጠና ልባጡ መላጥ የጀመረ ከሆነ አቼቶ አታስነካው፣ ልባጡ ሥር ገብቶ ያነሳዋል። እሱን በዘይትና በደቃቅ የሽቦ ሱፍ በእጅ ነው የምትሠራው።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ነው፣ ለእኔ የሚሻለው እሱ ነው፣ ጤነኛውን ብረት አይነካም። የላስቲክ ባልዲ ውሃ ትሞላለህ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ትጨምራለህ፣ በ10 ሊትር ሁለት ሦስት ሾርባ ማንኪያ። የመኪና ባትሪ ቻርጀር ይኑርህ። ኔጋቲቩን ከቁልፉ ጋር፣ ፖዘቲቩን ከማይፈለግ ተራ ብረት ጋር ታስራለህ፣ ሁለቱ ባልዲው ውስጥ እንዳይነካኩ። ብታቀያይረው የሚበላው ቁልፍህ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አረጋግጥ። አረፋ ይጀምራል፣ ያ አረፋ ሃይድሮጅን ነው፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። ውጭ ላይ ሥራው፣ ሲጋራም ከሰልም አጠገቡ አይኑር። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት፣ ማንኪያ ምናምን፣ በጭራሽ አታድርግ፣ ውስጡ ያለው ክሮም ውሃውን መርዝ ያደርገዋል። ቻርጀሩን ሳትነቅል ባልዲው ውስጥ እጅህን አታስገባ።

የካቻቢቴው የእንጨት እጀታ ውሃ አይንካው። በደረቁ ጥረገውና የተልባ ዘይት ቀባው፣ ጥቂት በጨርቅ፣ በማግስቱ ድገመው። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ለዚህ የሚመች ነው። የቀባህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ አትጣለው፣ ራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፣ ዘርግተህ አድርቀው። የፒንሳው መገጣጠሚያ ላይ ግን የምግብ ዘይት አታድርግ። ቤት ያለው ኑግ ነው ብለው የሚያደርጉ አሉ፣ ኑግ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዘዋል፣ ፒንሳው አልከፈት ይላል። የሞተር ዘይት ሁለት ጠብታ ይበቃዋል።

ቀለም አትቀባ። ወረቀት ብርጭቆ ጭነህ እንደ መስተዋትም አታብራው። የአጎትህ እጅ ያለሰለሰው ቦታ አለ፣ እጀታው መሀል ላይ። እሱን ካጠፋኸው ከገበያ ከተገዛ ቁልፍ በምን ይለያል?


ጮቄ፣ ደብረ ማርቆስ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሳምንት በኋላ ነው የምመለሰው፣ ምክንያቱም ያላችሁትን ሁሉ ስሠራ ነበር።

እታለም የቡሬዋ፣ የወፍጮውን ነገር ለአክስቴ ነገርኳት። ሳቀች። አጎቴ መኪና ከመያዙ በፊት በወጣትነቱ ሉማሜ ላይ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። እኔ አላውቅም ነበር። ሞተሩን ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳው እሱ ነበር፣ በማዞሪያ እጀታ። ወፍጮ ቤቱን ትቶ ሲሄድ ባለቤቱ ቁልፏን መርቀው ሰጡት አለች። ይኸው ሾፌር ሆኖ እንኳ፣ ኤንትሬው ላይ አንድም የማትገጥምለትን ቁልፍ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ሲዞር ኖሯል ማለት ነው። ይህን ስሰማ ሳጥኑን እንደገና ከፍቼ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ጋሼ ባለ ሞርሳ፣ እንዳሉት ገለበጥኳት። "7/16 ቢ.ኤስ." ይላል፣ ልክ ነበሩ። ላንድሮቨሬ ላይም ሞከርኳት፣ ያኔ ሁሉ ጊዜ በ19 እየታገልኩ የማንከባልለው ብሎን በእሷ እንደ ቅቤ ተፈታ። አንድ ነገር ደግሞ ዝገቱ ሲለቅ ወጣ፤ የዶሮ እግር የመሰለች ትንሽ ምልክት፣ ሦስት መስመር ወደ ላይ ተገናኝታ። ምንድን ናት?


ባለ ሞርሳ፣ ባሕር ዳር

ያቺ የዶሮ እግር ያልካት ቀስት ናት። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረቱን የሚያትምባት ምልክት ነች፣ ከጠመንጃ ጀምሮ እስከ መዶሻ ድረስ። ስለዚህ ቁልፏ ወፍጮ ቤት ከመግባቷ በፊት የእንግሊዝ መንግሥት፣ ምናልባትም የጦሩ፣ ዕቃ ነበረች። በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይን ይዞ ከሱዳን የገባው ጦር በቡሬና በደንበጫ አድርጎ ማርቆስ እንደገባ አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተህ ይሆናል። ነገር ግን ቁልፏ በዚያ መጣች ብለህ ለልጆችህ እንዳትነግር። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች የተረፋቸውን ዕቃ በየአገሩ ሸጠዋል፣ በኬንያም በኤደንም በኩል በነጋዴ እጅ ልትገባ ትችላለች። የምታውቀውን ብቻ ንገራቸው፣ ወፍጮ ቤቱን፣ መራቂውን፣ በረሃውን። እሱም አይበቃም?


የቡሬዋ፣ ቡሬ

ጮቄ ወንድሜ፣ ከትናንት ወዲያ የመጣውን ከረጢት ስዘረግፍ አንተን አሰብኩ። 16/17 ጌዶሬ አንድ አለ፣ ምዕራብ ጀርመን የሚል። ጋሼ እንዳሉት ለካሁት፣ 17ቱ በኩል ደህና ነው፣ 16ቱ እንደ አዲስ ነው። ያመጣውን ልጅ አባቱን አስጠርቼ አነጋግሬያለሁ፣ የራሳቸው ነው፣ መኪናቸውን ከሸጡ ቆይቷል። ለእነሱ የከፈልኩትን ብቻ ትከፍለኛለህ። ማርቆስ ለሚመጣ ሰው እሰጥልሃለሁ፣ ስልክህን በውስጥ ላክልኝ። 12/13 ግን የለም። እሷን ሁሉም ሰው ነው የሚፈልጋት።


ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር

እህቴ የቡሬዋ፣ 14/17 የሩሲያ ከመጣ ለእኔ አስቀምጪልኝ። ሌላውን ገና እያየሁ ነው።